ጀርባው የቆሰለው ሻርክ

ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንሄድ የሚኒባሱ ረዳት እንደ ጆንያ ደራርቦናል። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ከጅቡቲ የተመለሰ ጎረምሳ ያወራሉ።

«ስራህ ምን ነበር ልጄ?»

«ጀልባ ነበር የምነዳው አባቴ። ቱሪስት ወስጄ ሻርክ አሳያለሁ።»

«ሰው የሚበላውን?»

«ኧረ ይሄኛው አይበላም! ይችን መኪና ያክላል፣ ግን ገራም ነው። ሞተር አጥፍተህ፣ እጅህን ሰብስበህ ካየኸው ዝም ብሎ በጎንህ ያልፋል።»

«ታዲያ ምን አስለቀቀህ?»

«ባለጀልባው ቱሪስቱ ፎቶ እንዲያነሳ ብሎ ‹በሞተር ተጠጋው› አለኝ። የሻርኩን ጀርባ ደግሞ የሌላ ጀልባ ሞተር ቆርጦት ቆስሏል፤ በዓይኔ እያየሁት! እምቢ ስል አባረረኝ።»

«ለዓሣ ብለህ?»

«ለዓሣ ብዬ።»



«እናትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም። ቤቱን ቆርቆሮ ያለብስልኛል ብላ ነው የምትጠብቀኝ። ምን እንደምላት እንጃ።»

«‹ጫንቃው የቆሰለ በሬ ጥመድ አሉኝ፣ እምቢ አልኩ› በላት። ወላሂ ይገባታል።»

እኔም ጎረምሳውን «ጅል!» ልለው የከፈትኩትን አፌን ዘግቼ ወልድያ ገባሁ።