ቴኖር ጠፍቶበት ነው

ሄሎ? — አዎ እትዬ ቩዮ፣ ዛኔ ነኝ። ክሊኒክ ነኝ፣ ቶሎ በይ...

— የደም ምርመራው ደህና ነው። አሁን ጄሉን ይሰጡኛል። አዎ፣ የወንድ ሆርሞኑን። ትንሽ መጠን ነው፣ ትከሻ ላይ የሚቀባ... ኧረ ወንድ ልሁን መች አልኩ? ሴትም ወንድም አትበሉኝ ነው ያልኩት። መሀል ላይ ይመቸኛል። — ፂም? ካበቀልኩ እላጫለኋ! አንቺስ ትላጪ የለም እንዴ?

ሳቂ፣ ሳቂ።

— ማን ደወለልሽ? ሚስተር ማፑማ?! የኳየሩ መሪ? ሄሎ... ትሰሚኛለሽ? ድገሚልኝ።

...ቴኖር የሚዘምርለት ልጅ ጥሎት ኬፕታውን ሄደበት? እና አሁን ለመስከረሙ ኮንሰርት እኔ ልመለስለት? ሱሪም ተፈቀደ? አይ ጉድ!

ስድስት ዓመት ከወንዶቹ ረድፍ ቆሜ ቴኖር ስዘምርለት... ፋሲካ ላይ በአርባ ሰው ፊት «ቀሚስሽን ልበሺና ከሴቶቹ ጋር ቁሚ» ብሎ በዘንጉ ጠቆመኝ እኮ! አንቺም እዚያው ነበርሽ። — አላየሁም አትበይኝ። ጫማሽን ነበር የምታዪው።

— ጄሉን የምጀምረው በሱ እልህ ብቻ አይደለም! ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሳስበው ኖሬያለሁ። እሱ አናደደኝ፣ ተናድጄ ወደዚህ ክሊኒክ ታክሲ ተሳፈርኩ፣ በቃ።

አንዴ — መጣሁ ሲስተር፣ የደወለችው እህቴ ናት —

...አውቃለሁ። ነርሷ ነግራኛለች። በጄሉ ድምፅ ይሰበራል፣ ይጎረንናል፣ የድሮው ተመልሶ አይመጣም። ለመስከረሙ ኮንሰርት አልደርስም። ምናልባት ከዚያም በኋላ... — እንዴት አልፈራ እትዬ? መዝሙር ነው ያለኝ።

...

አይ። ጄሉን ትቼ እስከ መስከረም ልታገስ፣ ኮንሰርቱን ላድምቅለት፣ ከዚያ እንደገና ቀሚስ? እምቢ በዪው። በዚሁ ቃል።

ኮንሰርቱ ላይ ግን አለሁ። ፊት ወንበር፣ በሱሪ። የኮንሰርታችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፦ ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ የጣለ ማን ምን እንደሚዘምር ያዛል። ሃያ ራንድ እጥልና «የቴኖሩን ሶሎ ሚስተር ማፑማ ራሱ ይዘምር!» እላለሁ። ካልፈለገ ከኔ በላይ ጥሎ ያስቀር። እሱ ሲጥል እጨምራለሁ። ፍሪጄንም ብሸጥ እጨምራለሁ! ያን የአህያ ድምፁን አርባው ሰው ይስማለት።

— ምን አልሽ? ጮክ በይ...

አንቺም አሥር ትጥያለሽ? ከሴቶቹ የአልቶ ረድፍ ወጥተሽ? በሰው ፊት?

...እሺ እትዬ። አሁን ቀና ብለሽ አየሽኝ።

መጣሁ ሲስተር! የትኛው ትከሻ ላይ ነው? — ቻው፣ እጄን ልታጠብ።