ስድስት ኳስ ውሃ

ሰው የሚወደውን ነገር ለመጠበቅ ሲል ያንኑ ነገር የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ አጥፊው ክፋት ሳይሆን ልማድ ስለሆነ፣ ደፍሮ የሚናገር ጎረቤት ካልተገኘ በቀር ጥፋቱ አይታይም። ሚስተር መርቪን ፓስኮ እንዲህ ያለ ጎረቤት ያገኙት ሳያስቡት በውሃ አርሰው ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ በመሬይ ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች የወይንና የብርቱካን ከተማ ከገና ወዲህ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሚስተር ፓስኮ እንደ ልማዳቸው የውሃውን ጎማ አፍ በአውራ ጣታቸው ግማሹን ደፍነው አራቱን ጽጌረዳዎቻቸውን ይረጩ ነበር። በመስኮቱ ደፍ ላይ ያለው ሬዲዮ አንዱ ኳስ የሚወረውርበትን፣ ሌላው በዱላ የሚመታበትን የክሪኬት ጨዋታ ያስተላልፋል። የእያንዳንዱ ጽጌረዳ ድርሻ ስድስት ኳስ የሚወረወርበት ጊዜ ነው፤ ወርዋሪው ስድስቱን ኳስ ጨርሶ ለጓደኛው ሲለቅ፣ እሳቸውም ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ይህ ደንብ አርባ ዓመት ሆኖታል።

ድንገት ሬዲዮው ጮኸ። ሚስተር ፓስኮ ደንግጠው ዞር ሲሉ፣ ገለባ የሞላ የእጅ ጋሪ እየገፋች በአጥሩ ሥር የምታልፈውን ልጅ ከራስ እስከ ጫማዋ አራሷት። የጎረቤታቸው የካራስ ልጅ ታሊያ ነበረች። አዴሌድ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርቷን ጨርሳ ለበጋው ወላጆቿ ዘንድ መጥታለች።

«ውይ ልጄ! የኛ መቺ ተሸንፎ ወጣ እኮ፣ ደንግጬ ነው!»

«ግድ የለም ሚስተር ፓስኮ፤ በዚህ ሙቀት ጠበል ነው። ማን እየተሸነፈ ነው?»

«እኔ!» አሉ ሽማግሌው። «ማዘጋጃ ቤቱ የላከውን ወረቀት አላየሽም? ከሰኞ ጀምሮ ውሃ በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ነው። ሰባቱንም ቀን እያጠጣኋት እንዲህ የሆነች፣ በሁለት ቀን ምን ልትሆን ነው?»

ያሳዩዋት ከኩሽናው መስኮት ሥር ያለችውን ጽጌረዳ ነበር። ቅጠሎቿ ዳር ዳሩን ተጠብሰዋል። የቀራት አንዲት እምቡጥ ናት።

ታሊያ ይህችን ጽጌረዳ ታውቃታለች። የተከሏት የሚስተር ፓስኮ ባለቤት ሚስስ ቤሪል ናቸው። አሁን ሚስስ ቤሪል በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ይኖራሉ፤ ባላቸውን «ፖስተኛው» እያሉ ከጠሩ ሁለት ዓመት አልፏል። የልጆቻቸው ስም እንኳ ጠፍቶባቸዋል። ነገር ግን ያቺን አበባ ሲያሸቱ፣ ዓይናቸው ፈካ ይልና «የኩሽናው መስኮት» ይላሉ። ከአርባ ስምንት ዓመት ትዳር ለሚስተር ፓስኮ የቀራቸው እነዚህ ሁለት ቃላት ናቸው። ጽጌረዳዋ ከደረቀች እነሱም ይሄዳሉ።

«ሚስተር ፓስኮ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ። ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ ዝም እንድትዪ አይደለም።»

«የሚያደርቃት ፀሐዩ ብቻ አይደለም። እርስዎም አሉበት።»

«እኔ? በየቀኑ የማጠጣት እኔ?»

«በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚያጠጧት ነው።»

«እሰይ! አራት ዓመት ሙሉ አዴሌድ ተቀምጠሽ ያመጣሽልን እውቀት ይሄ ነው? ውሃ አበባ ይገድላል?»

«ውሃማ አይገድልም። የእርስዎ ውሃ ግን ከአንገት በላይ ነው።»

ነገሩ ከአፏ ሳታስበው ወጣ። ሚስተር ፓስኮ ጎማውን መሬት ላይ ጣሉት። ፊታቸው ቀላ።

«ለቤሪል ጽጌረዳ? እኔ? ከአንገት በላይ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ!» አለች ታሊያ ደንግጣ። «ፍቅርዎን አላልኩም፤ ውሃውን ነው። መኮትኮቻዎን ይስጡኝና ከተሳሳትኩ ገለባውን በራሴ ላይ ይድፉት።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ መኮትኮቻውን አቀበሏት። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆፈረች። ላይ ላዩ ጠቁሮ ርሷል፤ ከሁለት አንጓ ጣት በታች ግን አፈሩ እንደ ዱቄት ቦነነ። በእርጥቡ ንጣፍ ውስጥ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮች ተኮልኩለዋል፤ ብዙዎቹ ደርቀው ቡናማ ሆነዋል።

«ይኸው» አለች በዝግታ። «ሥር የሚሄደው ውሃ ወዳለበት ነው። እርስዎ ላይ ላዩን ስለሚሰጧት፣ ወደ ታች መውረዱን ትታ ሥሯን ሁሉ ወደ ላይ አወጣችው። በማግስቱ ቀኑ ሲግል ደግሞ ያ ያወጣችው ይጠበሳል። ምስኪን፣ በጠሯት በኩል ነው የሄደችው።»

ሚስተር ፓስኮ በርከክ ብለው ዱቄቱን አፈር በጣታቸው መሃል አሹት። ሰው በቃል ሲከራከር መልስ አያጣም፤ የገዛ መሬቱ ሲመሰክርበት ግን ምን ይላል?

«እሺ፣ ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ።

«ጎማውን ከእጅዎ አውጥተው ሥሯ አጠገብ ያስተኙት። ውሃው እንደ ጣት ቀጥኖ፣ ቀስ ብሎ ይውረድ። ለእያንዳንዷ ሠላሳ ኳስ።»

«ሠላሳ!»

«አንዱ ቡድን መትቶ እስኪጨርስ አራቱም ይዳረሳሉ። ከዚያ ሦስት አራት ቀን አይንኳቸው። የተፈቀደው ሁለት ማታ ይበቃል። ይህን ገለባ ደግሞ አራት ጣት ያህል አድርገን እናለብሳቸዋለን፤ ግንዱን ሳናስነካ።»

«እሱስ አይሆንም!» ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ይህን መደብ ቤሪል በየቅዳሜው በባለ ጥርስ መጥረጊያ ታበጥረው ነበር። አንዲት ቅጠል አታሳድርበትም። ይኸው እኔም እሷ እንዳደረገችው አደርጋለሁ። አሁን ግቢዋን በረት ላስመስለው? ደግሞስ እባብ ቢገባበት?»

«እጅዎን ሳይሆን መንሽዎን ያስቀድሙ፤ ገለጥ አድርገው አይተው ይግቡ። ለመሆኑ በዚህ ፀሐይ ያለ ባርኔጣ ይወጣሉ?»

«አበድኩ እንዴ?»

«እርቃኑን የተጠረገ መሬትስ?»

ሚስተር ፓስኮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ንጽሕና መልካም ነው፤ ወጥ ቤት መጠረግ አለበት። ነገር ግን መሬት የወጥ ቤት ወለል አይደለም፤ ጠርገን ባራቆትነው ቁጥር ፀሐይ ከሥሩ ያለውን ጥቂት እርጥበት ትመጠዋለች። ይህ ለሽማግሌው ገባቸው። የከበዳቸው ግን የሚስታቸውን ደንብ በእጃቸው ማፍረሱ ነበር።

«ብትደርቅ ይቅር አልልሽም» አሉ።

«እኔም ራሴን ይቅር አልልም» አለች ታሊያ፤ ጋሪውንም ገፍታ አስገባች።

ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ አርባ አምስት ዲግሪ ደረሰ። ከበረሃው የመጣው ነፋስ የሰፈሩን አበባ ሁሉ አቃጠለው። ሚስተር ፓስኮ መቀመጥም መተኛትም አቃታቸው። የማዘጋጃ ቤቱን ደንብም የታሊያን ምክርም ትተው ጎማውን አነሱ፤ ቧንቧውን ከመክፈታቸው በፊት ግን ገለባውን በመንሹ ገለጥ አደረጉና ጣታቸውን ሰደዱ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ጠለቅ አደረጉት፤ ከዚያም በታች ርጥብ ነው። ጎማውን ወደ ቦታው መልሰው ሰቀሉት። እንዲህ ያለውን እምነት መጽሐፍ አይሰጥም።

በሁለተኛው እሑድ እምቡጧ ፈነዳች። ከተቃጠሉት ቅጠሎች ሥርም ቀይ ለምለም ቡቃያ ብቅ ብሏል። ሚስተር ፓስኮ አበባዋን ቆርጠው፣ ግንዷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ታሊያን በአጥሩ ላይ ጠሯት።

«ውሃው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ አረም የሚባል አላየሁም፤ ወገቤም በየቅዳሜው ከመጎንበስ ዐረፈ» አሏት። «አንቺ ልጅ፣ ከአንገት በላይ ያልሽኝ ቃል ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።»

እውነታቸውን ነው። መጦሪያው ድረስ ሲነዱ ቃሉ አብሯቸው ሄደ። ወደ ቤሪል በየቀኑ ይሄዳሉ፤ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ግን ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው፣ ስለ አየሩ ሁለት ቃል ተናግረው፣ አበባ የያዙ ቀን «የኩሽናው መስኮት» ስትል ሰምተው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ይፈሩታል። ቢቆጠር ስድስት ኳስ ይሆናል።

«እህቴ፣ ወንበር ይኖራል?» አሉ አስታማሚዋን። እሷም ተገርማ አመጣችላቸው።

ይዘውት የመጡትን ሬዲዮ ዝቅ አድርገው ከፈቱና ከሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡ። ቤሪል አበባዋን አሸተተች።

«የኩሽናው መስኮት» አለች።

ከዚያ ዝምታው መጣ። ሚስተር ፓስኮ አልተነሱም። አሥር ኳስ ሄደ፤ ሃያ ሄደ። ሠላሳውም አለፈ። እጇን ያዙ። እሷ ዓይኗን ከአበባዋ ሳታነሳ ብዙ ቆየችና፣

«መሬቱን ጠረግኸው?» አለች።

መዋሸት አማራቸው፤ ግን በእሷ ደንብ ላይ ዋሽተው አያውቁም።

«አልጠረግኩትም፣ ቤሪል። ገለባ አልብሼዋለሁ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ፖስተኛውን አልነበረም ያየችው።

«መርቭ!» አለች፣ ግንባሯን ቋጥራ። «ግቢዬን በረት አስመሰልከው!»

ሚስተር ፓስኮ ሳቁም አለቀሱም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተቆጣቸው ሰው አልነበረም። ወንበሩን ይበልጥ አስጠግተው፣ እጇን ሳይለቁ፣ ቀሪውን ቁጣ ለመስማት ተቀመጡ።