የመምህር ደባልቄ ደብተርና ባዶዋ መስመር

የሐዘናችን ተካፋዮች የሆናችሁ፣ ከዚሁ ከአሶሳ ጀምሮ ከባምባሲ፣ ከድባጤና ከማንቡክ ድረስ የመንገዱ ርዝመት ሳይበግራችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ የምትሰሙት የመምህር ደባልቄ ወንዳለ ዜና ሕይወት ነው፤ የሚያነበውም ታናሽ ወንድማቸው ሀብቱ ነው። ሟች በሕይወት ሳሉ የወንድማቸውን ጽሑፍ ሳያርሙ አልፈው ስለማያውቁ፣ ዛሬ አራሚው በመተኛታቸው ጉድለት ብታገኙበት በትዕግሥት እንድታልፉት ትለመናላችሁ።

መምህር ደባልቄ ከአባታቸው ከአቶ ወንዳለ ተገኘና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማሚቱ ሰይድ በ1962 ዓ.ም. በወሎ፣ በአምባሰል ተወለዱ። የ1977ቱ ድርቅ ከብቱንም እህሉንም በጨረሰ ጊዜ፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከወላጆቻቸውና በእናታቸው ጀርባ ታዝሎ ከነበረው ታናሽ ወንድማቸው ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጡ። በአዲሱ የቀርከሃ ጎጆ ውስጥ የሚነበብ መጽሐፍ ስላልነበረ፣ የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ጆንያ፣ የዘይቱን ቆርቆሮና የመድኃኒቱን ካርቶን ማንበብ ጀመሩ። ከአንድ ካርቶን ላይ ያገኟትን "ፔሪሸብል" የምትል ቃል፣ ትርጉሟ ቶሎ የሚበላሽ ማለት መሆኑን ከጤና ረዳቱ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ በጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፏት፤ ከሥሯም ማንጎ ፔሪሸብል ነው፣ የእናቴ ቁጣ ግን ፔሪሸብል አይደለም የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስቀመጡ። እናታቸውም ትርጉሙ በተነገራቸው ጊዜ፣ አዲስ ግድግዳ ስለመበላሸቱ እስከ ማታ ድረስ በመቆጣት የዓረፍተ ነገሩን እውነትነት አረጋገጡ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራ መንደሩ ዳስ ውስጥ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ ስንቃቸውን ተሸክመው አሶሳ ከተማ እየተመላለሱ ካጠናቀቁ በኋላ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሠልጥነው በ1985 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በድባጤ ተመደቡ። ለአንድ ዓመት ነው ብለው የሄዱበት ምደባ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ፤ በዚያው ሳሉም በክረምት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ።

በድባጤም ከመጽሐፍ፣ ከሬድዮና ስኳር ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ሳይቀር ያልተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላትን እየለቀሙ በአንድ ትልቅ ደብተር ያሰፍሩ ጀመር። ቃል ግን ወደዚያ ደብተር እንዲያው አይገባም ነበር። ሰኞ አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ዓርብ ተማሪዎች በቃሉ የሠሩትን ዓረፍተ ነገር ያቀርባሉ፤ ከሁሉ ሕያው የሆነውም ከጸሐፊው ስም ጋር ይመዘገባል፤ ያ ተማሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቃሉ ባለቤት ይባላል። ሕጉ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በደብተሩ ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው "ያላየኸውን አትጻፍ" የሚለው ነበር፤ ስለ በረዶ ተራራና ስለ ለንደን ባቡር የጻፈ ተማሪ፣ አንተ ገና የድባጤን አህያ በቅጡ አላየህም ተብሎ ይመለስ ነበር። ዛሬ በመካከላችን የሚገኙት ሲስተር ኦብሴ ይህን ነገር የምር ወስደውት ኖሮ፣ በድንጋጤ ወዲያና ወዲህ መሯሯጥ ማለት ለሆነው "ሄልተር ስኬልተር" ለሚለው ቃል፣ ዝናብ ገበያውን ሲመታው ሻጩም ገዢውም ሄልተር ስኬልተር ሲሮጥ ክብሯን ጠብቃ የቆመችው አህያ ብቻ ነበረች ብለው ጽፈው የቃሉ ባለቤት ሆኑ። የክፍል ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ ሄልተር እያሉ ይጠሯቸዋል።

መምህር ደባልቄ በ1990 ዓ.ም. በድባጤ ገበያ ሰሊጥና ኑግ ይነግዱ ከነበሩት ከወ/ሮ ሸዋሉል ምትኩ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ሔለንንና ያብስራን ወለዱ። ከጋብቻው በፊት በላኩላቸው ደብዳቤ ውስጥ "ኢንደፋቲገብል" ነሽ የሚል ቃል አስገብተው፣ ትርጉሙም ድካም የማያውቅ ማለት ነው ብለው ስላብራሩላቸው፣ ወ/ሮ ሸዋሉል ይህ ሰው ውኃውንም እንጨቱንም ለእኔ ሊተውልኝ ነው ብለው ተጠራጥረው እንደነበር ሲስቁ ይናገራሉ። ጥርጣሬያቸው ግማሽ በግማሽ እውነት ሆነ፤ ውኃውን ግን ሟች ይቀዱ ነበር።

ይሁን እንጂ መምህር ደባልቄ እንደ ሰው ስሕተት ነበረባቸው፤ ዜና ሕይወቴ ሲነበብ ሌላው ቢቀር ይህች እንዳትቀር ብለው ስላዘዙ ሳትሸፋፈን ትነገራለች። በ1996 ዓ.ም. ለተማሪዎቻቸው የሰጡት አንድ ቃል፣ በምልክት ና፣ ተከተለኝ ብሎ መጥራት ማለት የሆነው "ቤከን" ነበር። ባፈና የሚባል ዝምተኛ የሺናሻ ልጅ፣ አንዲት ትንሽ ወፍ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየበረረች አባቴን ቤከን አደረገችው፣ እርሱም ተከትሏት ሄዶ ማር አገኘ ብሎ ጻፈ። ወፍ ሰውን ወደ ማር ስትመራ አይተውም ሰምተውም የማያውቁት የአምባሰሉ ሰው፣ ይህ ከተረት መጽሐፍ የተቀዳ ነው ብለው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት፤ በክፍሉም ፊት ሕጉን ጠቅሰው ገሠጹት። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያች ቀን ወዲያ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጁን አላወጣም። በዓመቱም ቤተሰቡ ከድባጤ ለቆ ሄደ።

ከአምስት ዓመት በኋላ መምህር ደባልቄ ከገበሬዎች ጋር በጫካ መንገድ ሲያልፉ፣ አንዲት አመድማ ወፍ ሲቆሙ እየተመለሰች፣ ሲራመዱ እየቀደመች፣ ከፊታቸው እየተንጫጫች አላስኬድ አለቻቸው። ገበሬዎቹ ነገሩ አዲስ ስላልሆነባቸው ዝም ብለው ተከተሏት፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ውስጥም ማር ቆርጠው ሰፈፉን ለወፏ ትተውላት ተመለሱ። መምህር ደባልቄ ያን ዕለት ከማሩ አልቀመሱም። ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በተማሪው ሁሉ ፊት ቆመው፣ ባፈና ያየውን እንደጻፈ፣ ባላዩት ነገር የፈረዱት እርሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ፤ ነገሩን ሊሰማው የሚገባው ልጅ ግን በሰልፉ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ቃሉንና የባፈናን ስም ጽፈው፣ በእጁ ካልጻፈው በቀር እኔ አልጽፈውም ብለው የዓረፍተ ነገሩን መስመር ባዶ ተዉት። ደጋግመውም አስፈለጉት፤ አልተገኘም።

በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው በደረሰው ግጭት ቤታቸው ከነደብተሩ ተቃጠለ፤ እርሳቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው፣ የለበሱትን ብቻ እንደለበሱ አሶሳ ገቡ። ከስድስት መቶ የሚበልጥ ቃል አመድ ሆነ። ለቤቱ ያላለቀሱት ሰው ለደብተሩ አለቀሱ፤ ከእንግዲህም ቃል አልለቅምም ብለው እንደነበር ቤተሰቡ ያስታውሳል። ነገር ግን በሳምንቱ ሲስተር ኦብሴ ስልክ ደውለው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ የሄልተር ስኬልተርን ዓረፍተ ነገር ከነአህያዋ በቃላቸው አሰሟቸው። ቃሉ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም አልረሳውም ነበር። ያን ጊዜ ወሬው ተሰማና ሌሎቹም ከገነተ ማርያም፣ ከባምባሲ፣ ከአዲስ አበባ እየደወሉ ቃሎቻቸውን መለሱላቸው፤ በዚህ ሁኔታ ያው ሕግ በሽፋኑ ላይ የተጻፈበት አዲስ ደብተር ተከፈተ። በአሶሳ ያስተማሯቸውም ተጨመሩበት፤ ከእነርሱ አንዷ ሀምዲያ፣ እጅግ ግዙፍ ማለት ለሆነው "ጋርጋንችዋን" ለተሰኘው ቃል የአያቷን የማንጎ ዛፍ ከጻፈች በኋላ፣ ጥርጥር እንዳይኖር መምህሯን ዛፉ ሥር ድረስ ወስዳ አሳይታቸዋለች። የአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ግን፣ ቤከን የሚለው ቃልና የባፈና ስም ያለባት ያችው ባዶ መስመር ነበረች።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕመም በርትቶባቸው የኩላሊት ሕክምና ሲከታተሉ በቆዩ ጊዜ፣ የሚጨነቁት ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን መስመሯ ባዶ እንዳትቀር ነበር። ልጃቸው ሔለን ገጹን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ላከችው፤ ፎቶውም ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ማንቡክ ደረሰ። በዚያም ከእንግሊዝኛ መምህሩ የሸሸው ልጅ ራሱ የሂሳብ መምህር ሆኖ ተገኘ። መምህር ባፈና በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሁለት ቀን ተጉዘው አሶሳ ሲደርሱ፣ ሃያ አንድ ዓመት ያስቀመጧትን፣ ቀዩ ሰረዝ ያልለቀቃትን ያችን ወረቀት ይዘው ነበር። ሟች ከአልጋቸው ተነሥተው፣ እምቢታ ሳይሰሙ የተማሪያቸውን ጉልበት ይዘው ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያም ቀይ እስክሪብቶ አስመጥተው በሰረዙ አጠገብ የራይት ምልክት አኖሩ፤ መምህር ባፈናም ዓረፍተ ነገሩን በደብተሩ ባዶ መስመር ላይ በእጃቸው ጻፉት። እንግዳው ወደ ማንቡክ ከመመለሳቸው በፊት መምህር ደባልቄ ሽፋኑን ገልብጠው፣ ያላየኸውን አትጻፍ ከሚለው ሕግ ሥር አንድ መስመር ጨመሩ፤ እርሷም "ያላየኸውንም የለም አትበል" የምትል ናት።

መምህር ደባልቄ ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ኖሩ፤ በእነዚያም ወራት አርባ ሦስት አዲስ ቃል መዘገቡ። ከሦስት ቀን በፊት ረፋዱ ላይ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከአጠገባቸው ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ደብተሩ፣ ያልተጻፈባቸው ገጾቹ በርካታ እንደሆኑ፣ በኑዛዜያቸው መሠረት ለሀምዲያ ተሰጥቷል፤ ሀምዲያም በመጪው ዓመት የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና ትመረቃለች። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ መምህር ባፈና ነበሩ።

ሟች ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሸዋሉልን፣ ልጆቻቸውን ሔለንንና ያብስራን፣ የልጅ ልጃቸውን ቤዚን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ከስድስት መቶ የማያንሱ የቃል ባለቤቶችን ትተው ሄደዋል። አሁን የሄዱበትን አገር ከእኛ መካከል ያየው የለምና፣ ሕጋቸውን አክብረን ስለዚያ አንጽፍም፤ ሁለተኛውን ሕጋቸውንም አክብረን የለም አንልም። ስለ ስሕተቱ የተማሪውን ጉልበት የያዘውን ይህን አገልጋዩን፣ ቸሩ አምላክ እርሱም በበኩሉ በምሕረት እጁ ና ብሎ ይጥራልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።