ከታች ተነስታ የምትወጣ ቃል

ባንኮክ፣ አንድ ሆስፒታል አምስተኛ ፎቅ፣ ከቀትር በኋላ፦ የጎንደሯ አዝማሪ እማዋይሽ ለነገ ጠዋቱ የጉሮሮ ቀዶ ጥገና አልጋ ይዛለች፤ ታናሽ ወንድሟና ማሲንቆ መቺዋ ደረበ የታይ ቃላትን በአማርኛ ፊደል የጻፈበትን ወረቀት ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል።

እማዋይሽ፦ አልሰማሁህም፤ ድገማት።

ደረበ፦ አራቴ ደገምኳት እኮ እታለም! ሐኪሙ አትናገሪ ብሎሻል፣ ዕረፊ።

እማዋይሽ፦ አትናገሪ ያለው እኔን ነው፤ አንተን መቼ አለህ? በል፣ ድምፅን ምን ነበር የሚሉት?

ደረበ፦ ሲያንግ።

እማዋይሽ፦ አይደለም። እንደተከፋ ሰው ቁልቁል አትልቀቃት። ነርሷ ስትላት ከታች ተነስታ ነው የምትወጣው። ሲያ... ንግ! አየህ፣ እኔ በዚህ በተላጠ ጉሮሮ አወጣኋት።

ደረበ፦ ሲያ... ንግ።

እማዋይሽ፦ እሰይ! ዘፈንስ?

ደረበ፦ ፕሌንግ። ይቺ እንኳ ሜዳ ናት፤ አትወጣ፣ አትወርድ።

እማዋይሽ፦ ዋሽንት?

ደረበ፦ ክሉይ። ታች ትገባና እዚያው ትቀራለች። ምን ዓይነት ቋንቋ ነው? ካልዘፈኑት አይነገር!

እማዋይሽ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ማሲንቆ ስትመታ አንዲት ስንኝ ሳትተነፍስ ኖርክ፤ እግዜር በሰው አገር ቋንቋ ያዘህ። ዘፋኝን?

ደረበ፦ ናክ ሮንግ። ሁለቱም ከላይ ናቸው። ግን እታለም፣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልሻል? አስተርጓሚዋ አለች አይደለም እንዴ?

እማዋይሽ፦ እሷማ የምታስተረጉመው ላንተ ነው። እኔ ነገ መርፌው ሳያስተኛኝ ሐኪሙን በገዛ አፌ «ናክ ሮንግ ነኝ፣ ሲያንግ» ብዬ እለምነዋለሁ። አናጢ ቢሆን እጄን አትቁረጡብኝ አይልም?

ደረበ፦ ይጠርጉታል አልኩሽ እኮ። ነቀርሳውን ጠርገው ይመልሱሻል።

እማዋይሽ፦ መንገድ ነው የሚጠረገው?

ደረበ፦ እንዲያው አነጋገር ነው።

እማዋይሽ፦ ከትናንት በስቲያ ያስፈረሙህስ? እሱም አነጋገር ነው?

ደረበ፦ እሱ... የአልጋ ወረቀት ነው።

እማዋይሽ፦ ለአልጋ ወረቀት ነው ኮሪደሩ ላይ ግንባርህን ከግድግዳ አስደግፈህ የቆምከው? በበሩ መስታወት አይቼሃለሁ።

ደረበ፦ ደክሞኝ ነው።

እማዋይሽ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ደረበ። ያንተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከረጢቱ ባዶ ሆኗል።

ደረበ፦ ማን ምን አለሽ?

እማዋይሽ፦ ትናንት ለነርሷ ደረቴን እየመታሁ «ናክ ሮንግ» አልኳት። ደስ አላት፣ አጨበጨበችልኝ። ቀጥዬ ጉሮሮዬን ነካሁና «ሲያንግ?» አልኳት። እጄን ያዘችና ቁልቁል አየች። ለዚህ ምን አስተርጓሚ ያሻዋል?

ደረበ፦ እንግዲያ ከትናንት ጀምሮ ታውቂያለሽ?

እማዋይሽ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ተባብለን ነው የከረምነው፤ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

ደረበ፦ ጉሮሮሽን ሙሉውን ነው የሚያወጡት። ካልወጣ እስከ ፋሲካ አትደርስም አሉኝ። ወይ ዕድሜዋን ወይ ድምፅዋን አሉኝ፣ እታለም! እኔ ማን ነኝና ነው የምመርጥልሽ? ግን ፈረምኩ። ይቺ እጄ ትቆረጥ!

እማዋይሽ፦ ትቁምልኝ! እሷ ከተቆረጠች ማሲንቆውን ማን ይመታዋል?

ደረበ፦ ለማን ልምታው? ጠጪው የሚመጣው ላንቺ ነው። ግጥሙን ወርውሮ «ተቀበይ!» ይላል፣ አንቺ ትቀበይዋለሽ። የእኔን ገመድ ብቻውን ማን ይሰማዋል?

እማዋይሽ፦ ሠላሳ ዓመት ተቀበልኩ። ቤት ያልመታለትን የሰካራም ግጥም ሁሉ አቃንቼ፣ ባለቤቱ ራሱ እስኪገርመው ድረስ። እኔ ግን ለማንም «ተቀበል» ብዬ አላውቅም።

ደረበ፦ አስተርጓሚዋ አንድ መሣሪያ አለ ትላለች። አንገት ላይ ሲይዙት እንደ ሬዲዮ ያናግራል አሉ። ምናልባት...

እማዋይሽ፦ ሐኪሙ በርበሬ ከልክሎኛል፣ አንተ ደግሞ ተስፋ ታጎርሰኛለህ። ሁለቱም ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ተወኝ።

ደረበ፦ ካወቅሽማ ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ቃል ለምን ታጠኛለሽ? ሐኪሙ እንደሆነ አይተውልሽም።

እማዋይሽ፦ ማን አጠና? እኔ ቃሎቹን ትናንት ጨርሻቸዋለሁ። የማስጠናው አንተን ነው። ዝፈን ብልህ ሞቼ እገኛለሁ ትላለህ፤ አንብብ ስልህ ግን ወጣህ፣ ወረድክ፣ ሜዳው ላይ ቆምክ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁህ።

ደረበ፦ እና?

እማዋይሽ፦ አያምርም። የታመመ አህያ ነው። ግን ቅኝት አትስትም።

ደረበ፦ እታለም፣ በሞቴ...

እማዋይሽ፦ ስማኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጽፌ አልተውልህም። ያለኝ ስንኝ ሁሉ እዚህ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው፣ ነገ በሳህን ይዘውት ይሄዳሉ። ፈራሁ፣ ደረበ። ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ፤ ነገ ነቅቼ ግጥም ሲመጣብኝ ነው። ወረቀቱን አስቀምጥ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ማሲንቆውን አውጣ።

ደረበ፦ ሆስፒታል ውስጥ? ይቆጡናል!

እማዋይሽ፦ ምን እንዳያደርጉኝ? ጉሮሮዬን እንዳይቆርጡት?

ደረበ፦ እሺ። ይኸው፣ አወጣሁት።

እማዋይሽ፦ ቃኘው። ዝቅ አርገው፣ ላንተ ይስማማህ። ተቀበል፦
ጉሮሮዬ ቢቀር ከሰው አገር ገብቶ፣
ወንድሜ ይመልሰው ማሲንቆውን መትቶ።

ደረበ፦ ጉሮሮዬ... ጉሮ... አልችልም። እታለም፣ ድምፅ የለኝም።

እማዋይሽ፦ «ድምፅ የለኝም» የሚለውን ቃል ለእኔ ተውልኝ፤ ከነገ ጀምሮ የእኔ ነው። ተቀበል!