ስለ ፊልትሮው ለሲስተር ጸሐይነሽ ያልነገርኳቸው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ የተከበሩ ሲስተር ጸሐይነሽ፤

ዛሬ ሲስተርን ወደ ደጀን ስንሸኝ ሦስት ደቂቃ ተናገር ተብያለሁ። የእኔን የሾፌራችሁን የሰዓት ግምት ታውቁታላችሁ። አምደወርቅ ስንሄድ «ደረስን» ካልኩ በኋላ ምን ያህል እንደምንሄድ የተጓዘ ያውቀዋል።

ሲስተር ወደ ሰቆጣ የተመደቡት በ1986 ዓ.ም. ነው። ኮረም ድረስ ሄደህ አምጣቸው ተባልኩ። ከደጀን ተነሥተው ስንት ቀን በአውቶብስ ሲንገላቱ ከርመው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም ተባባልን፤ ጋቢና ገቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ሞተሩን አዳመጡና፣

«ይህ መኪና ሳል አለበት» አሉኝ።

«ሲስተር፣ መኪናው ጤነኛ ነው» አልኳቸው።

ጤነኛው መኪና ሁለተኛው ዳገት ላይ ቆመ።

ወርጄ ኮፈኖውን ከፈትኩ። እሳቸውም ወርደው አጠገቤ ቆሙ። የናፍጣ ፊልትሮውን ፈትቼ ስገለብጠው የወጣውን ነገር ናፍጣ ለማለት ይከብዳል። ያን ጊዜ ናፍጣ የሚመጣልን በበርሜል ነበር፤ ዝገቱም ውሃውም አብሮ ይመጣል።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማጣሪያ ነው። ቆሻሻው ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ ያስቀራል።»

«እንደ ኩላሊት።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«መቼ መቼ ነው የሚቀየረው?»

«ሲያስፈልግ።»

«ሲያስፈልግ ማለት መኪናው ሲቆም ነው?»

ፊልትሮውን አራግፌ መልሼ አሰርኩት።

በሳምንቱ ለፒክአፑ የሕመምተኛ ካርድ አወጡለት። አዲስ የገባችሁ ላታምኑ ትችላላችሁ፤ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። ስም፦ ነጩ ፒክአፕ። ዕድሜ፦ አይታወቅም። የሕመሙ ምልክት፦ ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል። የታዘዘለት፦ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ አዲስ ፊልትሮ።

ከዚያ ወዲያ ፊልትሮ ከመቀየሬ በፊት እጄን በሳሙና መታጠብ ነበረብኝ። በኋላ አይደለም፤ በፊት። «ሲስተር፣ ናፍጣ እኮ ነው የምነካው» ብላቸው፣ «እኔስ ቁስል ልነካ ስል አይደል የምታጠበው?» አሉኝ። አዲሱ ፊልትሮ መሬት አይቀመጥም፤ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፍለታል። የሌላ መሥሪያ ቤት ሾፌሮች መንገድ ዳር እንዲህ ስሆን እያዩኝ፣ «ቅጣው፣ ልታዋልድ ነው?» እያሉ ያልፉ ነበር።

አንድ ቀን «አስተምረኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ዛሬ የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጃችንም ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ይስሙ።

አስተማርኳቸው። አሮጌው እንዴት እንደሚፈታ፣ የአዲሱ ጎሚኒ፣ ማለት የጎማ ቀለበቱ፣ ናፍጣ እንዴት እንደሚቀባ፣ ፊልትሮው በእጅ ብቻ እንዴት እንደሚጠብቅ አሳየኋቸው። የመጨረሻውን ግን አላሳየኋቸውም። ፊልትሮ ሲቀየር መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። ያንን አየር ብሎኑን ላላ አድርጎ፣ የእጅ ፓምፑን እየገፉ ካላስወጡት ሞተሩ አይነሣም። እኔ ይህችን የማደርገው ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር። «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉኝ፣ «እየወለወልኩት ነው» እላለሁ።

ለምን? በዚህ መሥሪያ ቤት ያንን መኪና ማስነሣት የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ክብሬ በሙሉ ያረፈው በዚያች አየር ላይ ነው።

በ1992 ጥቅምት ላይ የኩፍኝ ክትባት ይዘን ወደ አበርገሌ ወረድን፤ እሳቸውና እኔ ብቻ። ከጧት ጀምሮ ሰውነቴ ደስ አላለኝም፤ ግን አልተናገርኩም። ቆላው ውስጥ ስንገባ እሳቸው ያልባቸዋል፤ እኔ ጋቢ ለብሼ እንቀጠቀጣለሁ። «ወባ ነው» አሉኝ። «ብርድ ነው» አልኳቸው። በዚያ ሙቀት።

መኪናው ጉልበቱ እየከዳው ሄዶ ቆመ። ልወርድ ብሞክር እግሬ እምቢ አለ። የወባ መድኃኒቱ ያለው እምንሄድበት ጤና ኬላ ነው።

«ተኛ፤ እኔ እቀይረዋለሁ» አሉ።

ከምንጠጣው ውሃ ቀንሰው እጃቸውን ታጠቡ። ጨርቅ አነጠፉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከኮፈኖው ሥር ቆዩና መጥተው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ዞረ፤ አልተነሣም። ደገሙት፤ አልተነሣም። በሦስተኛው ባትሪው መድከም ጀመረ።

የክትባቱን ሳጥን ከፈት አድርገው ቴርሞሜትሩን አዩና ቶሎ ዘጉት።

«በረዶው እስከ ስምንት ሰዓት ቢቆይ ነው» አሉ። «ከዚያ ሁሉንም መድፋት ነው።»

ወዲያ ማዶ ሦስት መቶ ልጅ ይጠብቀናል። እናቶቹ ሳይነጋ ነው ከየቤታቸው የተነሡት። ሲስተር ተመልሰው ወደ ሞተሩ ሄዱና በደንብ ያሰሩትን ፊልትሮ እንደገና ይፈቱ ጀመር። ለራሳቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው፦ «የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

ከወባው ይልቅ ያቺ ቃል ናት የጣለችኝ።

«ሲስተር» አልኩ። «አልተሳሳቱም። ደብቄዎት ነው።»

መፍቻውን እንደያዙ መጥተው በመስኮቱ አዩኝ። «ንገረኝ።»

ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነገርኳቸው። ብሎኑ የት እንዳለ፣ አረፋው እስኪያልቅ ፓምፑን እንዲገፉት፣ ከዚያ እንዲያጠብቁት። ወደ ኮፈኖው ተመልሰው ሄዱ። ፓምፑ ሲገፋ ሰማሁ። ሞተሩ ተነሣ።

ሲስተር መንጃ ፈቃድ የላቸውም። እዚህ መሐል ትራፊክ ፖሊስ ካለ እባክዎ ለስላሳዎን ይጠጡ። ሜዳ ላይ ሁለት ማርሽ አስለምጃቸው ነበር፤ በሁለቱ ማርሽ አደረሱን።

ጤና ኬላው በር ላይ አንዲት እናት ቀና ብላ አየችን። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ተጋድሜያለሁ፤ ሲስተር እስከ ክርናቸው ናፍጣ ሆነዋል። ለጎረቤቷ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ ያለቻትን ለሲስተር ተርጉሜላቸዋለሁ፦ «ሐኪሙ ታሟል መሰለኝ፤ ሾፌሯ ግን ደኅና ናት።»

መጀመሪያ ለእኔ መድኃኒት ሰጡኝ። ከዚያ ታጥበው መከተብ ጀመሩ። ሳይከተብ የተመለሰ ልጅ አልነበረም። በዚያ ዓመት ኩፍኝ በየአካባቢው ገብቶ ስንቱን እንዳስለቀሰ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ መንደር አንድ ልጅ አልተቀበረም።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀና ብዬ አጥሚት መጠጣት ስጀምር፣ «ለምን ደበቅኸኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ከቻሉት እኔ ምን ልሠራ ብዬ ነው።»

አጥሚት ጨመሩልኝ። «ቅጣው፣ እኔ መርፌ ያስተማርኳቸው ነርሶች ብዙ ናቸው። አንዷም ቦታዬን አልወሰደችም። ሥራው ግን ቀለለኝ።»

ለሁለት ሰዓት የዘገየንበት ምክንያት በሪፖርት ተጠየቀ። «የናፍጣ ፊልትሮ ተዘግቶ» ብለው ጻፉ። ይኸው ነው። በስብሰባ ሁሉ ዛሬ ያወጡብኛል እያልኩ ሰባት ዓመት ጠበቅሁ። በቀልድ እንኳ አላነሡትም።

ዛሬ በዚህ መሥሪያ ቤት ፊልትሮ መቀየር የሚችል ዘጠኝ ሰው አለ፤ አየሩን ጭምር። ሁሉንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ አዋላጆች ናቸው። እኔም እስካሁን አልተባረርኩም።

ሲስተር፣ ስላዳኑኝ ያኔውኑ አመስግኜዎታለሁ። ስለ ዝምታዎ ግን አላመሰገንኩም፤ አፍሬ ነው። ያን ቀን ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር፤ ሰው አደረጉኝ። በባልደረቦቼ ፊት ቆሜ አመሰግንዎታለሁ።

በሉ፣ ጠላ የያዘ ጠላውን፣ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን ያንሣ። ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ ከጎንዎ አይታጡ። ገና ሳይነጋ በርዎን የሚያንኳኳ አይኑር፤ ካለም ለሠርግ የሚጠራዎ ይሁን። ክትባትዎ ያቆያቸው ልጆች አድገው ደጀን ድረስ መጥተው ይጠይቁዎ።

ነገ ጧት ወልድያ ድረስ የማደርስዎ እኔ ነኝ። መኪናው ደኅና ነው፤ መንገዱም ደረቅ ነው። ቀስ ብዬ ብነዳ ግን ይቅር ይበሉኝ።

ለሲስተር ጸሐይነሽ ጤና!