ተሳታፊ ሰባት

ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ በአንድ የካርቶን ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሰናይት ለዶክትሬት ጥናቷ የምታስፈርመውን ቅጽና ስልኳን ይዛ ከመጋዘን ኃላፊው ከጋሽ ዘርጋው ፊት ቆማለች።

ዘርጋው፦ አልፈርምም አልኩ እኮ። ስንት ጊዜ ልበል?

ሰናይት፦ ጋሽ ዘርጋው፣ አንብበው እንኳ አልጨረሱትም።

ዘርጋው፦ ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» ይላል። ምኑን ነው የማቋርጠው? ሥራዬን?

ሰናይት፦ ቃለ መጠይቁን ነው! ካልተመቸዎት መሀል ላይ ተነሥተው መሄድ ይችላሉ ማለት ነው።

ዘርጋው፦ የት እሄዳለሁ? መጋዘኑ የኔ፣ እንግዳዋ እርስዎ።

ሰናይት፦ ዛሬ ደግሞ «እርስዎ» ምን አመጣው? ሁልጊዜ «አንቺ ልጅ» አይደል የሚሉኝ?

ዘርጋው፦ እሱ ወረቀት ሳይዙ ሲመጡ ነው። ባለፈው ወር ለእነ ጌትነት ማስጠንቀቂያ ያደሉትም ከዚሁ ሰማያዊ ክላሰር አውጥተው ነው።

ሰናይት፦ ክላሰሩ ምን አደረገ? አሁን የመጣሁት እንደ ኃላፊ አይደለም፣ እንደ ተማሪ ነው።

ዘርጋው፦ የኃላፊነት መታወቂያዎ ግን አንገትዎ ላይ ነው።

ሰናይት፦ ይኸው አወለቅኩት። ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ የሚባል አላውቅም። አምስት ቀን ሥራ፣ ሁለት ቀን ትምህርት። ልጄ የልደቷን ሻማ ስታጠፋ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሰኞ አማካሪዬ ፊት እቀርባለሁ። ከመጋዘን በኩል የተናገረ ሰው ከሌለ «ጥናትሽ ጎደሎ ነው፣ ዓመቱን ድገሚ» ነው የሚለኝ።

ዘርጋው፦ የንግድ ሥራ ዶክተር ነው አይደል የሚሆኑት?

ሰናይት፦ እግዜር ካለ።

ዘርጋው፦ ምንድን ነው የሚያክሙት?

ሰናይት፦ ድርጅት ይበሉት።

ዘርጋው፦ የኛ ድርጅት መታመሙን ታዲያ ማን ነገረዎት?

ሰናይት፦ እሱን እኮ ነው እርስዎ የሚነግሩኝ! ርእሴ «ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ለምን ይለቃሉ» የሚል ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ በር ላይ ተቀምጠው ስንቱን ሸኝተዋል።

ዘርጋው፦ ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። እኔ ራሴ እንዳልሸኝ ነው የምፈራው።

ሰናይት፦ ስምዎ አይጻፍም አልኩ። «ተሳታፊ ሰባት» ነው የሚባሉት።

ዘርጋው፦ ከሰባቱ አጠገብስ?

ሰናይት፦ ምን አለ ከአጠገቡ?

ዘርጋው፦ ሠንጠረዥ አለ። ሲገልጡት አይቼዋለሁ። እስቲ ያንብቡልኝ።

ሰናይት፦ ያው... «ተሳታፊ ሰባት፤ ወንድ፤ ዕድሜ፣ ሃምሳ ስምንት፤ የሥራ ድርሻ፣ የመጋዘን ኃላፊ፤ አገልግሎት፣ ሃያ ስድስት ዓመት።»

ዘርጋው፦ ይህ ፋብሪካ ስንት መጋዘን አለው?

ሰናይት፦ አንድ።

ዘርጋው፦ ስንት ኃላፊ?

ሰናይት፦ እሺ፣ ገብቶኛል። አጠፋዋለሁ።

ዘርጋው፦ ፎቶዬን ብቻ ነው የረሱት።

ሰናይት፦ አጠፋዋለሁ አልኩ እኮ! ደግሞም ከአማካሪዬ በቀር ማንም አያየውም።

ዘርጋው፦ ማንም?

ሰናይት፦ ማንም።

ዘርጋው፦ ወንድይፍራው ታዲያ ለምን ጭነት ክፍል ወረደ?

ሰናይት፦ የመቁረጫ ማሽኑ ወንድይፍራው?

ዘርጋው፦ የነበረው። ወገቡን የሚያመው ሰው፣ የሐኪም ወረቀት ያለው ሰው፣ ዛሬ እስር ካርቶን ይሸከማል። እርስዎ ስልክ ላይ ድምፁን ባስቀዳ በሦስተኛው ሳምንት።

ሰናይት፦ ዝውውሩ ከላይ ነው የመጣው። እኔ ደብዳቤውን ብቻ ነው የጻፍኩት። ያሳበቅኩበት መስሎዎት ነው?

ዘርጋው፦ እየጠየቅኩ ነው። ዛሬ ጠያቂዋ እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ?

ሰናይት፦ ድምፁን ለማንም አላሰማሁም። በልጄ እምላለሁ!

ዘርጋው፦ ልጅዎን ይተዉአት። ሥራ አስኪያጁ ጥናቱን ሲፈቅዱልዎት ምን አሉ?

ሰናይት፦ ምንም። «ለድርጅቱም ስለሚጠቅም እስካሁን ያገኘሽውን ባጭሩ አሳዪኝ» ብለውኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ።

ዘርጋው፦ አሳዩአቸው?

ሰናይት፦ ሁለት ገጽ ብቻ። ስም የሚባል የለበትም።

ዘርጋው፦ ሠንጠረዥስ?

ሰናይት፦ ሠንጠረዥ...

ዘርጋው፦ ወንድይፍራው ስንተኛ ነበር?

ሰናይት፦ አራተኛ።

ዘርጋው፦ ያንብቡታ።

ሰናይት፦ «ተሳታፊ አራት፤ ወንድ፤ ዕድሜ፣ ሠላሳ አራት፤ የመቁረጫ ማሽን ሠራተኛ፤ አገልግሎት፣ ዘጠኝ ዓመት። ዋና ቅሬታ፣ ዕድገት በዝምድና ይሰጣል።»

ዘርጋው፦ በዝምድና። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንድም የፈረቃ አለቃ በሆነ በወሩ።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ሠንጠረዡ የግድ ነው። እንደዚህ ነው የተማርነው። በሺህ ሠራተኛ መሀል ቢሆን እኮ ማንም አይለየውም ነበር።

ዘርጋው፦ እኛ መቶ አርባ ነን። መቁረጫው ላይ ደግሞ ሁለት፤ አንዷ ሴት ናት።

ሰናይት፦ አላሰብኩትም። የዝውውሩን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ አልታየኝም።

ዘርጋው፦ አላሰብሽውም?

ሰናይት፦ አላሰብኩትም፣ ጋሽ ዘርጋው።

ዘርጋው፦ እኔ ደግሞ ልጁን በዶክትሬቷ ለወጠችው እያልኩ ስብከነከን ከረምኩ።

ሰናይት፦ ለዚህ ነዋ ሰላምታዬን እንኳ የማይመልሱልኝ!

ዘርጋው፦ ለዚህ ነው። አሁንም ገና አልመለስኩልሽም።

ሰናይት፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ሥራ አስኪያጁም ሰኞ ሌላ ሁለት ገጽ ይጠብቃሉ። አልሰጥም ካልኩ ፈቃዱን ያነሣሉ። የሦስት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው።

ዘርጋው፦ ይህን ወረቀት ታውቂዋለሽ?

ሰናይት፦ የኔ ቅጽ ነው። የወንድይፍራው ፊርማ አለበት። እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?

ዘርጋው፦ የራሱን ቅጂ ነው የሰጠኝ። «እስቲ ጋሼ፣ ምን ላይ እንደፈረምኩ እይልኝ» ብሎ። ከፊርማው በታች ያለውን አንብቢው።

ሰናይት፦ «ተሳታፊው በመናገሩ ምክንያት ምንም ጉዳት እንዳይደርስበት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። የአጥኚው ፊርማ...»

ዘርጋው፦ ባዶ።

ሰናይት፦ ቸኩዬ ነው። የስድስቱንም አልፈረምኩም።

ዘርጋው፦ እኔ ከዚህ መጋዘን ተረካቢ ሳይፈርም አንድ ቆርቆሮ ሙጫ አውጥቼ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በስልክ ቢያዙኝም አላወጣም። አንቺ የስድስት ሰው የሆዱን ነገር ተረክበሽ ሄድሽ፤ ፊርማ የለም!

ሰናይት፦ አሁን ብፈርምስ?

ዘርጋው፦ እስክሪብቶው ይኸው። ግን ያነበብሽውን አስቢበት። ለጌጥ የተጻፈ አይደለም።

ሰናይት፦ ከፈረምኩ አሁኑኑ ወደ ላይ መውጣት አለብኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድይፍራውን ወደ ማሽኑ ይመልሱልኝ፣ ሁለተኛም ሁለት ገጽ የሚባል አላመጣም» ማለት አለብኝ።

ዘርጋው፦ እኔ ምንም አላልኩም።

ሰናይት፦ አላሉም። ይኸው፣ ፈረምኩ።

ዘርጋው፦ ቀኑንም።

ሰናይት፦ ቀኑንም። ስልኬን ደግሞ እርስዎ ይያዙልኝ። «ድምፁን አምጪ» ቢሉኝ እጄ ላይ እንዳይገኝ።

ዘርጋው፦ እኔ ዘንድ ያለ ደረሰኝ ዕቃ አይገባም።

ሰናይት፦ ይጻፉዋ!

ዘርጋው፦ «አንድ የእጅ ስልክ፤ በውስጡ የሰው ድምፅ፤ ብዛት...» ስድስት ነው ያልሽው?

ሰናይት፦ ሰባት አይሆንም?

ዘርጋው፦ ስድስት። «ተረካቢ፣ ዘርጋው አበጋዝ።» ይኸው፣ ፈረምኩልሽ። ሰባተኛውን ከላይ ስትወርጂ ፊትሽን አይቼ እጨምረዋለሁ።