ያቺ ስንዝር

ምንጣፍ ሠሪው ሽማግሌ ምንጣፍ የሚሠሩበትን የኩሬ ሣር፣ ፊላን፣ አጭደው ተሸክመው ከኩሬው ሲወጡ ከወንድማቸው ልጅ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ልጅቱ ስለ ዕፀዋት የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት።

“ደህና ዋሉ አጎቴ? ሸክምዎ ዘንድሮ ቀለል ብሏል።”

“ኩሬው ግማሹ ከፊላ ባዶ ሆኖ እንዴት አይቀል? እንግዲህ እንደ ጡረተኛ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ መንገደኛ መቁጠሬ ነው።”

ፈገግ አሉ፤ ሆዳቸው ግን አልሳቀም። ከአባታቸው የተቀበሉት ሥራ በእጃቸው ላይ ሊሞት ነው።

ልጅቱ ከእስሩ አንድ ፊላ መዘዘች። የታችኛው ጫፉ ነጭና ርጥብ ነበር።

“ከውኃው በታች ነው የሚያጭዱት?”

“ታዲያስ። ስንዝር ይረዝምልኛል። የምንጣፌ ወርድ የሚሰፋው በዚያች ስንዝር ነው።”

“ፊላውን የጨረሰችውም እሷው ናት።”

“መጣች አስተማሪዋ! ሥሩን መች ነካሁት?”

“ሥሩ ያለው አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ነው፤ የሚተነፍሰው በቅጠሉና በጉቶው በኩል ነው። ጉቶው ውኃ ውስጥ ከቀረ ታፍኖ ይሞታል።”

“እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሣር ሲተነፍስ አላየሁም።”

ልጅቱ ወደ ኩሬው ዳር መልሳቸው ከቅጠሉ ቆርጣ አንዱን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነከረችና “ይንፉበት” አለቻቸው። ሰው እንዳያያቸው ግራ ቀኝ ቃኝተው ነፉ። ከታች ትንንሽ አረፋዎች ተንቦለቦሉ።

ሽማግሌው ቅጠሉን አገላብጠው አዩ። ቅጠሉን ሲሰነጥቁ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ባዶ ክፍሎች ዕድሜ ልካቸውን አይተዋቸዋል፤ ለምን እንደተሠሩ ግን ጠይቀው አያውቁም። ፊላ በእርግጥም የሚደነቅ ተክል ነው። ሥሩ በጭቃ ውስጥ ወደ ጎን እየተሳበ ቡቃያ ያወጣል፤ በአናቱ ያለው ቡናማ ፍሬም ሲበስል ፈንድቶ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል። ቅጠሉ ምንጣፍና የወንበር መቀመጫ ይሆናል፤ የፍሬው ጥጥ ትራስ ይሞላል። በችግር ጊዜ ሥሩን ቀቅለው የበሉ ሰዎችም አሉ።

“ስንዝሯን ከተውኳት ምንጣፌ ይጠብና መሳቂያ እሆናለሁ” አሉ።

“ታዲያ የቀረውን ለሁለት ይክፈሉት። በስተቀኝ ያለውን እንደ ልማድዎ፣ በስተግራ ያለውን ከውኃው በላይ አራት ጣት አስቀርተው ይጨዱ። ዳኛው ኩሬው ይሁን።”

“ከተሸነፍሽ አንድ ወር ሙሉ ትሸከሚልኛለሽ።”

“እሺ።”

በዓመቱ አብረው ወረዱ። በስተቀኝ እንቁራሪትና ጥቁር ውኃ ብቻ ነበር። በስተግራ ያለው ፊላ ግን ከሽማግሌው ቁመት አልፎ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ከዳሩም አዳዲስ ቡቃያዎች ወደ ባዶው እየተሳቡ ነበር። ሽማግሌው ብዙ ቆመው አዩ። ከዚያ ማጭዳቸውን ከውኃው በላይ አራት ጣት ለክተው የመጀመሪያውን ጭብጥ አጨዱ።

ከዚያ ወዲህ ኩሬው እንደገና በፊላ ሞልቷል፤ ሽማግሌውም ለሁለት ጎረምሶች ሙያውን እያስተማሩ ነው። በቀደም አንድ ደንበኛ መጥቶ “ምንጣፍዎ ጠበበብኝ፤ ስገላበጥ መሬት ላይ እወርዳለሁ” ቢላቸው ከሥራቸው ቀና ሳይሉ መለሱለት።

“ብዙ አትገላበጥ፣ ልጄ። ያቺ ስንዝር የኩሬው መተንፈሻ ናት።”